ቀይ ሰም የታተመበት ሞተር

መጋቢት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ዛሬ በርበሬው ብቅ አለ። አክስቴ ውድነሽ የችግኙ መደብ ዳር ተንበርክካ የተጎዘጎዘውን ሣር ገለጥ አድርጋ፣ «ዓለሜ፣ ነይ እዪልኝ፤ የሕፃን ጥርስ ይመስላል» አለች። እውነትም ይመስላል። ዝናቡ እስኪገባ ይህን ጥርስ በውሃ ማቆየት የእኔ ሥራ ነው። የእኔና የሞተሩ።

ሞተሩን ያመጡልን አዲስ አበባ የሚነግዱት የአገራችን ልጆች ናቸው፤ ባለፈው መስቀል ሲገቡ አዋጥተው። ቁመቱ ከጉልበቴ አያልፍም። በቤንዚን ይሠራል፣ ከወንዙ ውሃ ስቦ ወደ ቦዩ ይተፋል፣ ከቦዩ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት በተራው መደቡን ያጠጣል። አብሮት የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያነብ ሌላ ሰው ስላልተገኘ የሰፈሩ የውሃ ማኅበር ለእኔ ሰጠኝ። የእርሻ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሴቶቹን ወደ ስፌት ሲልኩን «እኔ ሞተር ክፍል ነው የምገባው» ብዬ በር ላይ ቆሜ የገባሁ ነኝ። የማኅበራችን ጸሐፊ አቶ አስረስ ግን ሲያስረክቡኝ «ለጊዜው ነው» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ለጊዜው።»

መጋቢት 14፣ ሐሙስ

ደስ የሚለኝ ማለዳው ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የዘይቱን መለኪያ መዝዤ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ አያለሁ። ቤንዚኑን በንጹሕ ሻሽ አጠልላለሁ። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ አሸዋለሁ። የዚህ አገር አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ አንድ ቀን ከተዘነጋ ማጣሪያው ቡና ይመስላል። እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ በየሳምንቱ ነቅዬ ጥቀርሻውን እፍቃለሁ። ከዚያ ገመዱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ እስባለሁ፤ ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ቤታችን ለወንዙ ቅርብ ስለሆነ ማታ ተሸክመው እኛ ጓሮ ያሳድሩታል። አክስቴ እንደ እንግዳ ነው የምታየው። «ሲጮህ ውሎ ደክሞታል፤ አትነካኪው» ትለኛለች። አይጥና አቧራ እንዳይገባበት ብላ የማራገቢያውን አፍ፣ ልክ የቅቤ ቅሏን እንደምትወትፈው፣ በቃጫ ትወትፈዋለች። ጠዋት ደግሞ ውታፉን ነቅላ፣ «እንደምን አደርህ» ትለዋለች። ሳቅሁባት። «ሳቂ፤ ቅሌ ግን አይጥ ገብቶበት አያውቅም» አለች።

ወለደችኝ ብል እንጂ አሳደገችኝ ማለት ያንሳታል።

መጋቢት 19፣ ማክሰኞ

ቀትር ላይ ቆመ። ቤንዚን አለው። ዘይት አለው። ገመዱን ስስበው ጠንክሮ አልሳብ አለ። ከዛፍ ጥላ አድርጌ ጠበቅሁት፤ ሲቀዘቅዝ ተነሣ። ጀንበር ሳታዘቀዝቅ እንደገና ቆመ።

ምን አጎደልሁ?

መጋቢት 22፣ ዓርብ

ለገበያ ቡታጅራ ወጣሁ። እግረ መንገዴን ወደ ሀቢቡ ወፍጮ ቤት ጎራ አልሁ። ሀቢቡ የወፍጮውን ሞተር ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል። ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት ስለሆነ ሃያ አምስት ዓመቱ ይሁን ስድሳ መለየት ያስቸግራል። (ሃያ አምስት ነው።)

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ የሞተሩ እናት!»

«ልጄ ታሞብኛል። ሲሞቅ ይቆማል፤ ሲበርድ ይነሣል።»

«እሱ ሞተር ነው ወይስ የወረዳ ጸሐፊ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ነቅዬ ያመጣሁትን ካንዴላ ብርሃን ላይ አድርጎ አገላብጦ አየው። ደኅና ነው፤ ቀለሙ ግን ነጥቷል። «ከመጠን በላይ ይሞቃል። አየር አያገኝም። ሽፋኑን ከፍተሽ የማቀዝቀዣ ክንፎቹን አይተሻል?» አለኝ። መጽሐፉም በየወቅቱ ክፈት ይላል። ወቅቱ ገና ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሲመሽብኝ እስከ ድልድዩ ድረስ ሸኘኝ፤ መንገዱ ስለሆነ ነው ብሏል። ቤቱ በዚያ በኩል አይደለም።

መጋቢት 25፣ ሰኞ



ወንዙ ዳር ሽፋኑን ልፈታ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ቁጭ እንዳልሁ አቶ አስረስ ደረሱ። ሕማማት ነውና ሰላምታ የለም፤ ትናንት ያሰሩት የዘንባባ ቀለበት ጣታቸው ላይ አለ። «ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ። ነገርኋቸው። መጽሐፉን ከፍቼ ሥዕሉን አሳየሁ። ሥዕሉን አላዩም።

«ፋብሪካ የገጠመውን አንቺ ትፈቺዋለሽ? ድሮም የቆመው ስለነካካሽው ነው!» ድምፃቸው ቦዩ ዳር ላሉት ሁሉ ነው። «ሞተሩን ያቃጠለች ሴት ናት ተብሎ ለአዲስ አበባ ይነገር? ለጊዜው ብዬ ነበር!»

አርባ ሰው ቆሞ ይሰማል። እኔም መጽሐፉን አጥፌ ተነሣሁ፤ መልሱ ሁሉ አሁን ስጽፍ ነው በየመልኩ የሚመጣልኝ።

ከሰዓት በኋላ ቀይ የማኅተም ሰም አምጥተው ክብሪት ጫሩና በሽፋኑ ቡሎኖች ላይ አንጠባጠቡ። የማኅበሩን ማኅተም መቱበት። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳሉ የኖሩበት ሥራ ነው፤ ማተሙን ያውቁበታል። ሰሙን የነካ ከውሃ ተራ ይወጣል ብለው ለቤታችን፣ ማለት ለአክስቴ፣ አስጠነቀቁ። ሞተሩንም ለሚስታቸው ወንድም ለፈቃደ ሰጡት፤ ማደሪያው ብቻ እኛ ጓሮ ቀረ። ፈቃደ የጭነት መኪና ረዳት ነበር።

አክስቴ እራት አቀረበችልኝ፤ አልበላሁም። «ብዪ። የተናደደ ሆድ ባዶ ሲሆን ይጮኻል» አለች።

መጋቢት 28፣ ሐሙስ

ፈቃደ ክፉ ልጅ አይደለም። ሞተሩን ግን እንደ ሰነፍ በሬ ነው የሚያስነሣው፦ ይሳደባል፣ ይለምናል፣ በእግሩ ይመታል። ዛሬ «ዘይቱ ቀጥኖበት ነው» ብሎ የጭነት መኪና ዘይት ጨመረበት። ዛፍ ሥር ተቀምጬ አየሁት። ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ትክክል ነበር ወይ? በርበሬው የእሱ ብቻ አይደለም።

«እታለም፣ በእግዜር፣ አንቺ ስታስነሺው ምን ትዪው ነበር?» አለኝ።

«እንደምን አደርህ።»

አመነኝ። ሦስት ጊዜ እንደምን አደርህ አለው።

ሚያዝያ 1፣ የፋሲካ ዕለት

እንኳን አደረሰን። አክስቴ ለበዓሉ ሞተሩን በውሃ በነከረችው ጨርቅ አብሳ፣ አሮጌውን ውታፍ ጥላ አዲስ፣ ነጭ፣ ብጥር ያለ ቃጫ ወተፈችለት። «እሱም ይፈስክ» አለች። ሀቢቡ የፍየል እግር ይዞ መጥቶ፣ ሥጋው በእስላም የታረደ ስለሆነ እኛ ክርስቲያኖቹ የማንበላው መሆኑ ትዝ ሲለን ተሳሳቅን። እግሩን መልሶ ወሰደ፤ አክስቴ ብርቱካን ሰጠችው። ብዙ ተቀመጠ።

ሚያዝያ 5፣ ሐሙስ

ሞተሩ አሁን ጠዋት ተነሥቶ ቁርስ ሳይደርስ ይቆማል።

የታችኛው መደብ ጠወለገ። ሰዉ ሁሉ በእንስራና በጣሳ መቅዳት ጀመረ። አክስቴ ዐቀበቱን ስትወጣ ወገቧን ይዛ ትቆማለች፣ ታየኛለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ትቀጥላለች። እንስራውን ልቀበላት ስል፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጣሳውን ያዢ» ትለኛለች። እንዲህ ስትቀልድ እንደሚያማት አውቃለሁ።

ወንዙ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጀርባዬ ሆነው፣ «ሴት ልጅ እጇን ካስገባችበት በኋላ እኮ ነው…» ሲሉ ሰማሁ። ዞሬ፣ «ጨርሱት እንጂ» አልኋቸው። አልጨረሱትም።

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ

አቶ አስረስ ቤት ሄድሁ። ሚስታቸው ዘርፈሽዋል ወንበር ሰጠችኝ፤ አልተቀመጥሁም። የሞተሩን ክንፎች አየር የሚከለክል ነገር አለ፣ ሽፋኑ በእርስዎ ፊት ይከፈት፣ ሰሙንም እርስዎ ያንሡት አልሁ። ለስላሳ ድምፅ ነው ያወጣሁት፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«ባለሙያ እስኪመጣ አይከፈትም።»

«ባለሙያው መቼ ይመጣል?»

«ለአዲስ አበባ ተጽፏል።»

«በርበሬው ደብዳቤ አይጠብቅም፣ አቶ አስረስ።»

«አንቺ አፍሽን ነው እንጂ ሞተር አይደለም የተማርሽው!»

ዘርፈሽዋል በር ድረስ ተከትላኝ ወጣችና፣ «የእኛም መደብ እየደረቀ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ፈጥና ገባች።

ሚያዝያ 12፣ ሐሙስ

ፈታሁት።

ማለዳ ሀቢቡ ቁልፎቹን ይዞ መጣ። አክስቴ ወንዝ ወርዳ ነበር። «እኔ ልፈንቅለው፤ ማኅበርተኛ አይደለሁ፣ ምን ያደርጉኛል?» አለ። አልፈቀድሁለትም። ሰሙን በካቻቢቴ ጫፍ መታሁት፤ እንደ ሸክላ ተሰባብሮ ረገፈ። ይህን ያህል ነው ለካ።

ሽፋኑ ሲነሣ አስቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ገመድ ሽታ። ክንፎቹ አይታዩም። በመካከላቸው የሆነ ነገር ተጠቅጥቆ፣ በዘይትና በአቧራ ተለውሶ፣ እንደ ባና ወፍሯል። በጫፉ ይዤ ስመዘው ረዥም ክር ሆኖ መጣ። ሌላው ተከተለው። ማራገቢያው በአፉ ላይ ባለው ወንፊት ቀዳዳ እየሳበ ያስገባው ነው። ሀቢቡ አንዱን ክር አንሥቶ በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ። እዚህ አገር ቃጫን በእጁ የማይለይ ሰው የለም።

«አይጥ ናት» አልሁ።

«አይጥ ቃጫ ትፍቃለች?»

«በእኛ ሰፈር ትፍቃለች።»

ክሩን ወደ ሌላው ጣለና፣ «እሺ። አይጥ ናት» አለ።

ክንፎቹን በእንጨት ስንጥርና በብሩሽ አንድ በአንድ አጸዳን። ወፍራሙን ዘይት አውጥቼ በልኩ ሞላሁ። ካንዴላውን ፋቅሁ። ስንገጥመው እጃችን አንድ ቡሎን ላይ ተገናኘ፤ ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ገመድ ተነሣ።

ቃጫውን ሁሉ ሰብስቤ እንሰቱ ሥር ቀበርሁት። አክስቴ እንስራዋን አዝላ ስትመጣ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ቦዩ ውስጥ እግሯን ከትታ ቆመች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ሳቀች። ምን ሆኖ ነበር አላለችኝም። እኔም አልነገርኋት። ማታ ውታፏን ይዛ ስትመጣ፣ «ዛሬ ተዪው፤ እኔ እሸፍነዋለሁ» ብዬ ቅርጫት ደፋሁበት። ቃጫውን ይዛ ትንሽ ቆመች።

ሚያዝያ 13፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ አልቆመም። የታችኛው መደብ ግማሹ አይድንም። ሌላው ቀና ብሏል።

አቶ አስረስ መጥተው የሰሙን ስብርባሪ አዩ። «ማን ነው?» «እኔ ነኝ» አልሁ። ፈቃደ ከኋላቸው ሆኖ ለእኔ በደስታ ይጨፍራል። እሑድ ሽማግሌ ፊት ትቆሚያለሽ አሉኝ። እቆማለሁ።

ሚያዝያ 15፣ እሑድ ማታ

ሁሉንም እንዳልረሳው ልጻፈው።

ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በርበሬ ያለው ሁሉ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ሸረፋ መካከል ተቀመጡ። አቶ አስረስ ቆመው ከሰሱ፤ አማርኛቸው ያምራል፣ እውነት ለመናገር።

ሸረፋ፣ «ሰሙን የሰበርሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ውስጡ ምን ነበረበት?»

ያኔ አክስቴን አየኋት። ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተቀምጣለች። ሞተሩ ጓሮዋ የሚያድረው ሰዉ ስለሚያምናት ነው። ማታ ተሸክመው ሲመጡ ከበሩ ወጥታ የምትቀበልበትን መልኳን አውቃለሁ። ይህንማ አልወስድባትም።

«የአይጥ ጎጆ» አልሁ።

«ይኸው!» አሉ አቶ አስረስ፤ ሁለት እጃቸውን አነሡ። «እኔ ሳላትመው በፊት ስትከፍት ስትዘጋ ኖራ አይጥ አስገባችበት! ሰሙ ቢቆይ ምን ይገባ ነበር?»

ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ «እውነት ነው» አለ። ሌላው ደገመው። ሽፋኑን ከዚያ በፊት ከፍቼው አላውቅም፤ ግን አሁን ማን ያምነኛል? የራሴ ውሸት እግሬን ያዘኝ። ሀቢቡ ከኋላ ሊነሣ ሲል አየሁት፤ በዓይኔ አስቀመጥሁት።

የተነሣችው አክስቴ ናት።

«አይጧ እኔ ነኝ» አለች።

ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች።

«ማታ ማታ አፉን በቃጫ የምወትፈው እኔ ነኝ፤ የቅቤ ቅሌን እንደምወትፈው። ከእናታችሁ ቤት ውታፍ የሌለው ቅል ያየ ይነሣ! ቃጫውን ውጦ ታመመ። ሐሙስ ዕለት ይቺ ልጅ ቅርጫት ስትደፋበት ገባኝ፤ እንሰቱ ሥር ቆፍሬ አየሁት። ልትሸፍነኝ ነው የዋሸችው። እኔ ግን አልሸፈንም። ሞተሩንም ሸፍኜ ነው እንዲህ ያደረግሁት።»

ሸረፋ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው። «ውድነሽ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እኔ ጓሮ ቢያድር ብርድ ልብስም አለብሰው ነበር።» ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳልፈልግ አለቀስሁ። ሰው ፊት! አክስቴ መጥታ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችኝ፤ እንደ ሕፃን። ያውም ሀቢቡ እያየ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ ሞተሩ ወደ እኔ ይመለስ፤ ስለ ሰሙ ግን ታናሽ ነኝና የአቶ አስረስን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ።

«ስለ ሰሙ እጠይቃለሁ» አልሁ። «እሳቸውም ሞተሩን ያቃጠለች ሴት ስላሉኝ ይጠይቁኝ። ቦዩ ዳር፣ ሰው ፊት ነው ያሉት።»

«ከልጅ ጋር እኩል ይቅርታ?» አሉና ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ሸረፋ፣ «ችግኙ እስኪጠና ሞተሩ ይሥራ፤ ዕርቁ ይደርሳል» ብለው ጉባኤውን በተኑ።

አክስቴ መንገድ ላይ፣ «ጉልበት መሳም ምን ያጎድልብሻል?» አለችኝ።

«ያጎድልብኛል።»

ትንሽ ሄድን። «የአባትሽ ልጅ» አለች። ቁጣ ይሁን ሙገሳ አልለየሁትም። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ

ዘይት ቀየርሁ። አሮጌውን አክስቴ ለበሩ ማጠፊያ ወሰደችው። አሁን ማታ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቅና ወንፊቱን በደረቅ ብሩሽ ታጸዳለች። ብሩሹን ሀቢቡ ነው ያመጣላት። ለእሷ ነው ያመጣው።

ሚያዝያ 25፣ ረቡዕ

ዛሬ የውሃው ተራ የአቶ አስረስ ነበር።

ፈቃደ ማለዳ እየሮጠ መጣ። «እታለም፣ ጋሼ አስረስ አታጠጣልንም ብለው ጣሳና ባልዲ ሲደረድሩ አደሩ። እህቴም ታለቅሳለች።»

ደሜ ፈላ። እኔን እንዲህ ነው የሚያውቁኝ? ከዚያ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ትናንት ሳስበው ነበር። ቶሎ ላጥፋው፣ ቤንዚን አለቀ ልበል፣ እሳቸውም ለጊዜው ይቅመሱት ብዬ። ማሰቤን ማንም አላወቀም፤ አፍሬያለሁ።

የቤንዚኑን ጋን እስከ አፉ ሞላሁት። አስነሣሁት። ውሃው መደባቸው ሲገባ አቶ አስረስ ባልዲዎቻቸው መካከል ቆመው ነበር። ሰላም አላልኋቸውም። አላሉኝም። የመጀመሪያው መስመር ጠጣ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ፣ «ይበቃል» አሉ።

«ዳሩ አልረጠበም» አልሁና ቀጠልሁ።

እስኪረካ ድረስ አላጠፋሁትም። የእሳቸው በርበሬ ምንም አላለኝም፤ ጠላትነት የለንም። ሳጠፋው አቶ አስረስ ባልዲዎቹን እርስ በርስ ከተቱ።

«ሽፋኑን» አሉ መሬት መሬት እያዩ፣ «እንደገና መቼ ነው የምትከፍቺው?»

«ቅዳሜ።»

ባልዲዎቻቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሚያዝያ 28፣ ቅዳሜ

መጡ።

ጓሮ ገብተው ቆሙ። እኔ መፍታት ጀመርሁ። ቡሎኑ መሬት ላይ ሲቀመጥ አሸዋ ይይዛል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገልብጠው ዘረጉልኝ። አንድ በአንድ ጣልሁበት። ሽፋኑን ሳነሣ ተጠጉ። ክንፎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ብርሃን በመካከላቸው ያልፋል። ረዥም ጊዜ አዩ። «እዚህ ውስጥ ነው የነበረው?» አሉ። «እዚህ» አልሁ፤ ጣቴን አስገብቼ አሳየኋቸው። «እኔ ደግሞ በሰም አተምሁበት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሞተሩ እንደሚነግሩ ሁሉ።

ይቅርታ አላሉም። እኔም ጉልበት አልሳምሁም። ስገጥመው ግን አንዱ ቡሎን ከጣቴ ሾልኮ ወደቀና ሁለታችንም እኩል ጎንበስ አልን፤ ግንባራችን ሊጋጭ ነበር። እሳቸው ቀድመው አገኙት። አሸዋውን በኩታቸው ጠርገው፣ እፍ ብለውበት፣ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

አክስቴ ከደጅ ቆማ ስታየን ነበር። እጇን ወደ አፏ ስታነሣ እልል ልትል እንደሆነ ገባኝ። በዓይኔ ከለከልኋት።